ሳይዘጋ ማን አየው?

እንጦጦ ማርያም ደርሶ የሚሳለም ሰው የሚሳለመው ያላየውን ነው። ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ዞሮ፣ ደጁን ስሞ፣ ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ ይዘልቃል፤ ከመቅደሱ መጋረጃ በስተኋላ ያለውን ታቦት ግን ምእመኑ በዓይኑ አያየውም። ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ እንኳ በካህኑ ራስ ላይ ተሸፍኖ ነው። እንዲህም ሆኖ እልል እያለ የሚከተለው ሕዝብ ውስጡ ምን ይሆን ብሎ አይጠራጠርም። ባርኮ ያከበረው ጳጳስ አለ፣ ገብቶ የሚያገለግለው ካህን አለ። ለማየት የተሾመ ሰው ስላለ የቀረው ሳያይ ያምናል።

የቤተ ክርስቲያኑ ነገር የሊቃውንቱ ነው፤ እኔ የብረት ሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። ዋናው ሥራዬ መጋጠሚያ ነው፤ ቢም ከኮለን፣ ትራስ ከትራስ፣ ብረት ከኮንክሪት የሚያያዝበትን ቦታ አሰላለሁ፣ እነድፋለሁ። አዲስ አበባ መልኳ ሲቀየር ከአርክቴክቶች የሚመጣልኝ ጥያቄም ተቀየረ። ድሮ "ይሸከማል ወይ?" ነበር፤ ዛሬ "ይሸከም፣ ግን አይታይ" ነው። ብሎኑ አይታይ፣ ብየዳው አይታይ፣ ጣራው ከምሰሶው ላይ እንደ ቅርንጫፍ የበቀለ ይምሰል። እንግዲህ እንጀራዬን የምበላው ደብቄ ነው። ከልጅነቴ የተማርኩት ደግሞ የተሸሸገ ሁሉ አንድ ቀን እንደሚገለጥ ነው። ታዲያ ሰው እውነተኛ ሆኖ መደበቅ ይችላል ወይ? ከዓይን የተሰወረ ሥራ እውነተኛ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዱን መጋጠሚያ ከቅርብ ላሳይ። ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ተረተር ላይ፣ ለአንድ አዳራሽ ጣራ ሠርተን ነበር። አርክቴክቱ የፈለገው በቀጫጭን ካሬ ቱቦላሬ ላይ ያረፈ፣ ወደ ከተማዋ ረዘም ብሎ የወጣ ጣራ ነው፤ በምሰሶውና በጣራው መካከል አንድም ፕሌት፣ አንድም የብሎን ራስ እንዳይታይ። የደረስንበት መፍትሔ እንዲህ ነው። የቱቦላሬው አፍ ከላይ በወፍራም ፕሌት ተበይዶ ይዘጋል። ከፕሌቱ ዝቅ ብሎ፣ በጀርባው በኩል፣ እጅ የሚያስገባ መስኮት ይቆረጣል። ቢሙ በክሬን ተነሥቶ ፕሌቱ ላይ ሲቀመጥ አራት ብሎኖች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ዳዷቸው በዚያች መስኮት በገባ እጅና ቁልፍ ከውስጥ ይጠብቃል። ከዚያ የተቆረጠው ቁራጭ ወደ ቦታው ይመለስና ዙሪያውን ይበየዳል፣ በግራይንደር ይስተካከላል፣ ስቱኮ ተመትቶ ይቀባል። የላይኛውን ኮርኒሱ ይሸፍነዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ምሰሶውን በመዳፉ የዳሰሰ ሰው እንኳ መስኮቷ የት እንደነበረች አያገኛትም።

እዚያች መስኮት ውስጥ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ግን ብዙ ነው። ለ20 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚበሳው ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሚሊ ሜትር ለሠራተኛው የተተወች ምሕረት ናት። ምሰሶው ከዚያች ምሕረት አልፎ ካዘነበለ ብሎኑ አልገባም ይላል። ያኔ ትክክለኛው መንገድ አውርዶ ማስተካከል ነው፤ አጭሩ መንገድ ቀዳዳውን በጋዝ እሳት ማስፋት ነው። በእሳት በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ብሎኖቹ እኩል አይደገፉም፤ ሸክሙ ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ይጎድላል። በሚታይ መጋጠሚያ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ነገ ይያዛል፤ በሚዘጋው ላይ ያደረገውን ግን ስቱኮው ይሸፍንለታል።

ሁለተኛው ጠላት ውኃ ነው። የእንጦጦ ሌሊት ብርዳም ነው፣ ክረምቱም ጉም አይለየውም። በደንብ ያልታሸገ ቱቦ እርጥብ አየር ያስገባል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል። ወይ ጨርሶ አየር እንዳያስገባ መታሸግ አለበት፣ ወይ ከእግሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል የቀረ ቱቦ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ ቀለሙ አብጦ ለዓይን እስኪታይ ድረስ ብረቱ ብዙ ተበልቷል።

ከሙያ ባልደረቦቼ መካከል ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ራሱ መደበቁ ነው የሚሉ አሉ። ሕንፃ እንዴት እንደቆመ መናገር አለበት፣ አጥንቱን የሸፈነ ዋሽቷል ባዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተውን የፓሪሱን ፖምፒዱ ማዕከል ያነሣሉ፤ ምሰሶው፣ ማያያዣው፣ ቱቦው ሁሉ አደባባይ የወጣ ነው። ክርክራቸውን አከብራለሁ፤ አልቀበለውም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1849 ስለ ሥነ ሕንፃ ሰባት መብራቶች የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በሕንፃ ውስጥ ማስመሰልን አጥብቆ ያወገዘ ሰው ነው። እሱ እንኳ አርክቴክት አጥንቱን የማሳየት ግዴታ የለበትም ባይ ነው፤ የሰው ገላ ውስጡን መሸፈኑን ማንም እንደ ማታለል አይቆጥረውምና። ለእሱ ማታለል የሚጀምረው ሕንፃው በአንድ ነገር ቆሞ ሳለ በሌላ የቆመ መስሎ ሲታይ ነው።

ከረስኪን ይልቅ ግን ልቤን ያሳረፉት የእኛው አባቶች ናቸው። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው። ግድግዳውን አቋርጠው የሚያስሩት አጫጭር ግንዶች ጫፋቸው ድብልብል ብሎ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ነው። እዚያ መጋጠሚያው ራሱ ጌጥ ሆኗል። ተጠርበው ያጌጡት የአክሱም ሐውልቶች ደግሞ ከወጥ ድንጋይ የወጡ ናቸው፤ የሚያያይዙት እንጨት ሳይኖራቸው የዝንጀሮ ራሱ በረድፍ፣ መስኮቱ በየፎቁ፣ የማይከፈተው በር ከነመዝጊያው ተቀርጾባቸዋል። እዚያው አክሱም፣ የሐሰት በር የሚባለው መቃብር ውስጥ፣ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያስሩ የብረታብረት ማሰሪያዎች ገብተው ነበር። አንዱ መጋጠሚያውን አሳየ፣ አንዱ የሌለውን ቀረጸ፣ አንዱ ያለውን ሰወረ። እኔ ከምኖርበት ከየካ በላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ጣራው ቢናድም ግድግዳው አንድም መጋጠሚያ የለበትም።

ከእነዚህ አንዳቸውንም ዋሽተዋል ለማለት አልደፍርም። የሐውልቱ በር እንደማይከፈት ፊቱ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ ይከፈታል ብሎ ነፍሱን የጣለበት የለም። ማሳየትም መሰወርም የጥበብ ምርጫ ነው። የእውነትና የሐሰት ነገር የሚመጣው ሌላው ሰው ባላየው ነገር ላይ ሕይወቱን ሲያሳርፍ ነው።

ከሮም የተመለሰውን ሐውልት እንይ። ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን መጥቶ አክሱም ላይ ቆሞ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስቱ ክፍሎች የተያያዙት ድንጋዩ ውስጥ በተቀበሩ፣ ኬቭላር ከተባለ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ በተሠሩ ስምንት ዘንጎች ነው፤ አራቱ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል፣ አራቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል። ብረት ያልተመረጠው እንዳይዝግና መብረቅ እንዳይስብ ነው፤ ሐውልቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ሮም ላይ መብረቅ መትቶት ነበርና። ዛሬ ከሥሩ የቆመ ጎብኚ ዘንጎቹን አያያቸውም። ይሁን እንጂ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ከምን እንደተሠሩ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ መሐንዲስ ድንጋዩን ሳይሰብር ያውቃቸዋል። ከዓይን ተሰውሯል፣ ከእውቀት ግን አልተሰወረም። ለእኔ መስመሩ የሚሰመረው እዚህ ላይ ነው።

መስመሩን ማለፍ ምን እንደሚያመጣ ሌላው ዓለም በከባዱ ተምሯል። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1994 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኖርዝሪጅ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። የብረት ሕንፃዎቹ ቆመው ቀሩ፣ መሐንዲሶችም ተደሰቱ። ኋላ ግን የግድግዳው ልባስና የእሳት መከላከያው ሲነሣ የብዙዎቹ ቢሞች ከኮለኑ ጋር የተበየዱበት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁ በብዛት የጀመረው ከቢሙ የታችኛው ክንፍ ሲሆን፣ ለብየዳው መደገፊያ ተብሎ የገባው ብረት እዚያው በመቅረቱ ሥሩ ላይ ያለውን ጉድለት ሸፍኖት ነበር። ሰው ከውጭ ደኅና በሚመስል ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መሐንዲሶች የመጋጠሚያ ሕጋቸውን ዓመታት ፈጅተው ደግመው ጻፉት።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያሳስበኛል። ኒው ዮርክ ውስጥ 59 ፎቅ ያለው የሲቲኮርፕ ሕንፃ ሰያፍ ማጠናከሪያዎቹ በብየዳ እንዲያያዙ ታስቦ በብሎን ተያይዘው ነበር። የሕንፃው መሐንዲስ ዊልያም ለመዙሪየር እ.ኤ.አ. በ1978 ሒሳቡን ደግሞ ሲሠራ በማዕዘን በኩል የሚመታ ኃይለኛ ነፋስ መጋጠሚያዎቹን ሊበጥሳቸው እንደሚችል አየ። አልሸሸገም፤ ለባለቤቶቹና ለከተማው ተናገረ። ማታ ሠራተኛው ሲወጣ አናጢዎች ግድግዳውን ይከፍታሉ፣ በያጆች ብሎኖቹ ላይ ወፍራም ፕሌት ይበይዳሉ፣ ሳይነጋ ይጸዳል። ሕንፃው ዳነ። ውስጡ የሚሠራውና ጎረቤት የሚኖረው ሕዝብ ግን ነገሩን የሰማው እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ መጽሔት ሲጽፈው ነው። ለመዙሪየር ስሙን ለአደጋ ሰጥቶ ስለተናገረ አመሰግነዋለሁ። ሕዝቡ አለመስማቱን ግን አልቀበልም። ጥገናው ትክክል ነበር፣ ዝምታው ትክክል አልነበረም፤ በዚያ ክረምት በሕይወቱ የተወራረዱበት ሳይጠይቁት ነውና።

እዚህ ላይ አንድ በያጅ ያስተማረኝን ልናገር። የእንጦጦው ጣራ ሲሠራ መስኮቶቹን ይዘጋ የነበረው በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው ነው። ዳዶዎቹ ጠብቀው፣ ቁራጩ በእጁ፣ ኤሌክትሮዱ ተዘጋጅቶ ሳለ ከመወጣጫው ላይ ጠራኝ።

"ነይ ልጄ፣ ሳልዘጋው እይልኝ።"

"ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ ይዝጉት" አልኩት።

"ማመኑንስ እመኚኝ። ካላየሽልኝ ግን የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ይሄን ሁሉ ምሰሶ ብቻዬን ይዤው ልተኛ ነው?"

ወጣሁና በእጅ ባትሪ አየሁት። የብሎኖቹ ጥርስ ከዳዶው አልፎ ወጥቷል፣ ቀዳዳዎቹ በመሰርሰሪያ የተበሱ ንጹሕ ክብ ናቸው፣ አንቲረስቱ እስከ ማዕዘኑ ደርሷል። ፎቶ አነሣሁት፣ የምሰሶውን ቁጥር ጻፍኩ፣ ሁለታችንም ፈረምን። ምስክር የሚያስፈልገው አጭበርባሪን ለመያዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው ያሳየኝ ግን ታማኙም ሰው ምስክር እንደሚያሻው ነው። የተሰወረ ሥራን ብቻውን የተሸከመ ሰው ደግ ቢሆንም ይከብደዋል፤ ከሌላ ሰው ጋር ሲያውቀው ቀለል ይለዋል።

ነገሩን ለነፍስ አባቴ አጫወትኳቸው። ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው ያመጡብኝ። "ልጄ፣ ምጽዋቱም ጾሙም በስውር ይሁን ተብለናል። እግዚአብሔር ያየውን ሥራ ሰው ይይልኝ ማለት ውዳሴ ከንቱ አይሆንብሽም?"

"አባ" አልኳቸው፣ "ምጽዋቴ ቢጎድል የሚጎዳው ነፍሴን ነው። መጋጠሚያዬ ቢጎድል የሚሞተው ከሥሩ የተቀመጠው ነው፤ እሱ ደግሞ አላየም፣ አልተጠየቀም።"

ጥቂት አሰቡና "እንግዲያውስ ያንቺ ነገር ከምጽዋት ይልቅ ለኑዛዜ ይቀርባል" አሉ። "ኑዛዜም ከሕዝብ ይሰወራል፤ ያለ ሰሚ ግን አይሆንም።"

የሳቸው ቃል የፈለግሁትን ልዩነት ሰጠኝ። ለሰማያዊ ዋጋ የሚሠራ በጎ ሥራ የእግዚአብሔር ማየት ይበቃዋል፤ ሰው ሲያየው እንዲያውም ይጎድልበታል። ለሌላው ሰው ሕይወት ዋስ የሚሆን ሥራ ግን በፈጣሪ ዓይን ብቻ ልተወው ማለት ትሕትና አይመስለኝም። እግዚአብሔር ያየዋል ብሎ ሳያሳዩ መዝጋት የራስን ተጠያቂነት በእሱ ስም መሸፈን ነው። እሱማ አይቷል፤ ለባልንጀራዬ ማሳየት ግን የእኔ ዕዳ ነው። ባልንጀራዬ ራሱ መስኮት ውስጥ መግባት ስለማይችል በእሱ ፈንታ የሚያይ፣ አይቶም የሚፈርም ሰው ያስፈልገዋል። ደንቡም እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ይበልጥ በተሰወረ ቁጥር ይበልጥ መመስከር አለበት። የሚታየው ብሎን በየቀኑ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ይመሰክርለታል፤ የተዘጋው ያለው ምስክር ሳይዘጋ ያየው ሰው ብቻ ነው።

ይህ በከተማችን የቅንጦት ሐሳብ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ጋ ደርሷል። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 ገደማ የሆነው መጣ። ፎቅ ላይ የሚኖረው ልጁን ታቅፎ በሌሊት ደረጃ ወረደ። በማግሥቱ ጎረቤቶቼና ዘመዶቼ አንድ ጥያቄ ይዘው ይደውሉ ነበር፦ "የኛ ሕንፃ ደኅና ነው?" ግድግዳ ላይ የታየ ስንጥቅ በፎቶ ይልኩልኛል። ስንጥቁን ማየት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የልስን ነው። የእኔ መልስ የሚወሰነው ግን ከልስኑ ኋላ ባለው ነው። መጋጠሚያው ሳይሸፈን ያየ ሰው፣ የተፈረመ ወረቀት፣ የተሠራውን በትክክል የሚያሳይ ንድፍ ካለ በአንድ ቀን መልስ እሰጣለሁ። ከሌለ መዶሻና ግራይንደር ይዞ ደኅናውን ሁሉ መስበር ነው፤ አለዚያም እንዲያው በግምት ማጽናናት፣ እሱን ደግሞ አላደርገውም።

ስለዚህ እኔ የምሠራበት ሕግ አለኝ፣ ሌላውም ቢይዘው እወዳለሁ። የሚዘጋ መጋጠሚያ ሁሉ ቁጥር አለው። ሳይዘጋ ሁለት ሰው ያየዋል፤ አንዱ የሠራው፣ አንዱ ጉድለት ቢሸፈን ምንም የማያተርፈው። ብየዳው ሸክም ተሸካሚ ከሆነ በዓይን ብቻ አይታለፍም፤ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል። ፎቶውና ፊርማው ከተቋራጩ ፋይል ሌላ ለሕንፃው ባለቤት ይሰጣል፤ ተቋራጭ ይቀየራል፣ መሐንዲስ ያረጃል፣ ሕንፃው ግን ሁለቱንም ተሻግሮ ይኖራል። ጨርሶ መዘጋት በማያስፈልገው ቦታ ደግሞ በብሎን ብቻ የሚነሣ ክዳን እንዲቀር እከራከራለሁ። አርክቴክቱ ቅር ሲለው አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦ ውበቱን እኔም እወደዋለሁ፣ ስለምወደውም ነው ሰው ሳይሰጋ ከሥሩ እንዲቀመጥ የምፈልገው።

ይህን የሚያነብ ሕንፃ አሠሪ ካለ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ከእብነ በረዱና ከመስታወቱ አልፎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ የተዘጋውን ሳይዘጋ ማን አየው? ስም ከተሰጠው፣ ፊርማ ከታየው፣ ሕንፃው እውነተኛ ነው፤ አንድ ብሎን ባይታይም። መልስ ካጣ ገንዘቡን ይያዝ። መሐንዲሶችም ብንሆን ያላየነውን አይተናል ብለን አንፈርም። ፊርማችን ለማየት ያልቻለ ሰው የሰጠን ዓይን ነው፤ ሳናይ ከፈረምን ያሳወርነው እሱን ነው።